የማሸጊያ ቆሻሻን ወጪ አምራቹ ይክፈል ሲባል፦ የትኛው ግዛት ህግ ይሻላል?

እስከ 2025 መጨረሻ ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች የማሸጊያ ቆሻሻን ወጪ ወደ አምራቾች የሚያዞር ህግ አጽድቀዋል። ሜይንና ኦሪገን በ2021 ጀመሩት። ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ በ2022 ተከተሉ። ሚኒሶታ በ2024፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ደግሞ በ2025 ገቡበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያለ ህግ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን መንገድ ነው የቀየሰው። ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ካርቶኑን፣ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉን የመረጠው ኩባንያው ነው። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ግን ያንን ማሸጊያ የማስወገዱ ጣጣ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ገንዘቡም ከነዋሪው ግብር ወይም ከወርሃዊ የቆሻሻ ሂሳቡ ይወጣል። መራጩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ። አዲሶቹ ህጎች ማሸጊያውን ገበያ ላይ ያዋለውን ኩባንያ እንደ ክብደቱና እንደ ዓይነቱ ያስከፍሉታል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ረቂቅ በግዛታቸው ምክር ቤት ውስጥ እየተንከባለለ ላለባቸው ሰዎች ነው። ምናልባት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናችሁ። ምናልባት አንድ ማህበር የድጋፍ ፊርማ ጠይቋችኋል። ምናልባትም ዕቃ አስመጥታችሁ ትሸጣላችሁና ህጉ እናንተን ይነካ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋላችሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። "አምራቾች ይከፍላሉ" የሚለው ቃል በሰባቱም ህጎች ውስጥ አለ፤ እሱን ብቻ አይቶ መምረጥ አይቻልም። ህግን ከህግ የሚለየው የክፍያውን ሰንጠረዥ ማን ያወጣዋል፣ ማን ያጸድቀዋል፣ አልከፍልም ያለውንስ ማን ያስገድደዋል የሚለው ነው። ረቂቁ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ያንን አንቀጽ ፈልጉ።

ግፊቱ ከየት መጣ

ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ከተሞች የተደባለቀ ወረቀትና ፕላስቲክ በኮንቴይነር እየጫኑ ወደ ቻይና ይልኩ ነበር። ቻይና በ2017 ይህ እንደሚያበቃ አስታወቀች። ከ2018 ጀምሮ ብዙ ዓይነት ቆሻሻ ጨርሶ እንዳይገባ ከለከለች። ለተፈቀደው ደግሞ በውስጡ ያለው ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች። አብዛኛው የአሜሪካ ጥቅል ይህን አያሟላም ነበር። ትናንት ገቢ ያስገኝ የነበረ የወረቀት ጥቅል ለማስወገድ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆነ።

ዱላው የበረታው በትንንሽ ከተሞች ላይ ነው። ሜይን ውስጥ አንዳንዶቹ ሪሳይክል ማድረጉን አቋረጡ፤ ሌሎቹ የሚሰበስቡትን ቀነሱ። የግዛቱ ምክር ቤት በ2019 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ ህግ እንዲያዘጋጅ አዘዘ። በ2021 ክረምት አገረ ገዥ ጃኔት ሚልስ ፈረሙና ሜይን የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ሐሳቡ ራሱ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ጀርመን በ1991 አውጥታዋለች። ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2014 ጀምሮ ሙሉ ወጪውን በአምራቾች ላይ ጥላ እየሠራችበት ነው።

ሁሉም የሚጋሩት አጽም

ህጎቹን ለማነጻጸር ሁለት ነገር ማወቅ በቂ ነው።

አንደኛው "አምራች" ማን ነው የሚለው ነው። አንድ የሻምፖ ጠርሙስ አንሱ። ፕላስቲኩን የሠራው ፋብሪካ በአብዛኛው በህጉ አምራች አይደለም። አምራች የሚባለው ጠርሙሱ ላይ ስሙ የተጻፈው የብራንዱ ባለቤት ነው። የብራንዱ ባለቤት አሜሪካ ውስጥ ከሌለ ኃላፊነቱ ወደ አስመጪው ይዞራል። ይህች አንቀጽ ብዙ አስመጪዎችን ሳያስቡት ትይዛለች። ትንንሾቹን የሚያድን ጣሪያ አለ፤ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኦሪገንና ኮሎራዶ ሲጀምሩ ዓመታዊ ገቢው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነውን ነጻ አድርገዋል። ሚኒሶታ 2 ሚሊዮን ላይ ቆማለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ 1 ሚሊዮን ትላለች፤ የምትቆጥረው ግን ግዛቱ ውስጥ የተሸጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የምን ገቢ እንደሚቆጠርም አንብቡ።

ሁለተኛው አምራቾቹ በጋራ የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ከየከተማው ጋር ለብቻው ሊዋዋል አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይከፍላሉ። ድርጅቱ ዕቅድ ያወጣል፣ ክፍያ ይሰበስባል፣ ገንዘቡን ያከፋፍላል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ይህን ቦታ የያዘው ሰርኩላር አክሽን አሊያንስ የሚባለው ነው። መሥራቾቹ ትልልቅ የምግብ፣ የመጠጥና የችርቻሮ ኩባንያዎች ናቸው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ነገር ግን ከፋዩ ራሱ ሂሳቡን የሚያወጣ ከሆነ ከላዩ ጥርስ ያለው ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።

ክፍያው ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ በአንድ ዕቃ ላሳይ። የተዘጋጀ ምግብ የሚሸጥበትን ጥቁር የፕላስቲክ ሳህን አስቡ። በመለያ ጣቢያው ፕላስቲኮች በቀበቶ ላይ ሲያልፉ ማሽን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይለቅባቸዋል። ተመልሶ በሚመጣው ብርሃን ዓይነታቸውን ያውቃል። ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ያለው ካርቦን ግን ብርሃኑን ይውጠዋል። ማሽኑ ሳህኑን አያየውም። ሳህኑም ከተራፊው ጋር ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። የተሠራበት ፕላስቲክ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ደህና ገዢ የሚያገኝ ዓይነት ነው። ጥቁሩና ግልጹ እኩል የሚከፍሉ ከሆነ ኩባንያው ቀለሙን የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። ጥቁሩ ላይ ክፍያው ከበድ ካለ ግን የኩባንያው ዲዛይነር ከሂሳብ ሹሙ ስልክ ይደወልለታል። የህጉ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ሜይን፦ ከተማው ይሠራል፣ አምራቹ ይመልሳል

በሜይን መንገድ የሚሰበስበው እንደ በፊቱ ከተማው ነው። አምራቾች ወደ አንድ ቋት ይከፍላሉ፤ ከቋቱ ለከተሞች ይመለሳል። መሪው ያለው በመንግሥት እጅ ነው። ደንቡን የሚያወጣው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቋቱን የሚያስተዳድረውን ድርጅትም በጨረታ የሚቀጥረው እሱ ነው።

የምወድላት ነገር የአከፋፈል ስሌቷን ነው። ከተማው ያወጣው ሁሉ አይመለስለትም። ተመሳሳይ ከተሞች ለአንድ ቶን የሚያወጡት መካከለኛ ወጪ ይወሰድና ከተማው የሰበሰበው ቶን በዚያ ይባዛል። በቁጠባ የሠራ ከተማ ይጠቀማል፤ ያባከነ ልዩነቱን ከኪሱ ይሸፍናል። ከተማው መግባቱም በፈቃደኝነት ነው።

ድክመቷ ሁለት ነው። አንዱ ቀርፋፋነቷ ነው። ህጉ በ2021 ጸድቆ ደንቡ የተቋጨው በ2024 መጨረሻ ነው። ሌላው ደግሞ አገልግሎት በሌለበት አገልግሎት አለመፍጠሯ ነው። ያወጣኸውን እመልስልሃለሁ የምትል እንጂ መጥቼ እሠራልሃለሁ የምትል አይደለችም።

ኦሪገን፦ የተጋራ ሸክም

ኦሪገን በ1971 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የጠርሙስ መያዣ ህግ ያወጣች ግዛት ናት፤ ገዢው ለጠርሙሱ መያዣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ጠርሙሱን ሲመልስ ይመለስለታል። የመሰብሰቢያው ሥርዓት ቀድሞም ነበራት። ስለዚህ ያለውን አላፈረሰችም። ነዋሪው ለመሰብሰቢያው መክፈሉን ይቀጥላል። አምራቾች ክፍተቱን ይሞላሉ፤ መኪናና ገንዳ ይገዛሉ፣ ከ50 ማይል በላይ ለሚጓዝ ጭነት የትራንስፖርት ይከፍላሉ፣ ለመለያ ጣቢያዎችም ድጎማ ይሰጣሉ። ቁሱ በመጨረሻ የት እንደደረሰም ማረጋገጥ አለባቸው። ባህር ማዶ ተልኮ ወንዝ ዳር ቢጣል ሪሳይክል ተደረገ አይባልም።

ነዋሪው ወዲያው የሚያየው ለውጥ ሌላ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ከተማ ለሪሳይክል የሚቀበላቸው ነገሮች የየራሱ ዝርዝር ነበረው። አሁን በግዛቱ ሁሉ አንድ ወጥ ዝርዝር አለ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ግራ ሲጋባ ሁሉንም ገንዳው ውስጥ ነው የሚከተው። ያ ደግሞ ደህናውን ወረቀት ያበላሻል።

ኦሪገን ከሁሉም ቀድማ ሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራ ጀመረች። በዚያው ወር የጅምላ አከፋፋዮች ብሔራዊ ማህበር ከሰሳት። አንዱ ክርክራቸው ክፍያ የመወሰን ሥልጣን ለግል ድርጅት ተሰጥቷል የሚል ነው። ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይልቅ ክሱ የት ላይ እንዳነጣጠረ ልብ በሉ። ሰንጠረዡን ማን ያወጣዋል የሚለው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ረቂቅ የሚጽፍ ሰው ሰንጠረዡ እንዴት እንደተሰላ በይፋ እንዲወጣና የመንግሥት ማህተም እንዲያርፍበት ካላደረገ ለክስ በር ይከፍታል።

ኮሎራዶ፦ መቶ በመቶ

አገረ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ በ2022 የፈረሙት ህግ ሙሉ ወጪውን በአምራቾች ላይ ይጥላል። ነዋሪው ለሪሳይክል አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ቆሻሻው ደጁ ድረስ መጥተው የሚወስዱለት ሰው ሪሳይክሉም እንደዚያው እንዲወሰድለት ህጉ ያዛል።

ይህ ለኮሎራዶ የመጣው ከችግሯ ነው። ተራራማና ሰው የሳሳባት ግዛት ናት። በብዙ ገጠር ቦታ አገልግሎቱ ጭራሹኑ አልነበረም። የሚመለስ ወጪ ከሌለ የሜይን ስሌት ምን ይጠቅማል? አደጋው ደግሞ ሥራውም ገንዘቡም በአምራቾቹ ድርጅት እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ አማካሪ ቦርድ ተቋቋመ። ምን ያህል ከፍ ያለ ግብ ይያዝ የሚለው ውሳኔም በመሥሪያ ቤቱና በምክር ቤቱ የጋራ በጀት ኮሚቴ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ከሦስት አማራጭ መካከለኛው ተመረጠ። እኔ ብሆን ከፍተኛውን እመርጥ ነበር። ቢሆንም ውሳኔው በተመረጡ ሰዎች እጅ ማለፉ ትክክል ነው።

ካሊፎርኒያ፦ ግቡ ህጉ ውስጥ ተጽፏል

ካሊፎርኒያ ስለ ገንዘቡ ብቻ አላወራችም። እስከ 2032 ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል የፕላስቲክ ማሸጊያ በ25 በመቶ ይቀንስ አለች። ከሚቀረው 65 በመቶው ሪሳይክል ይደረግ። ማሸጊያው ሁሉ ሪሳይክል የሚሆን ወይም ወደ ብስባሽ የሚለወጥ ይሁን። ከዚያ ሌላ ኢንዱስትሪው በ10 ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ያዋጣል፤ ብክለት ለጎዳቸው አካባቢዎች ይውላል። ቅጣቱ በቀን እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል። ፕላስቲክን ማቃጠልና ወደ ነዳጅ መለወጥም ሪሳይክል ተብሎ አይቆጠርም።

እንዴት ጸደቀ? የፕላስቲክ ግብር የሚጥል የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ ለኅዳር 2022 ምርጫ ፊርማውን ሞልቶ ተዘጋጅቶ ነበር። ኢንዱስትሪው ይህን ፈራ። ሴናተር ቤን አለን ለዓመታት ሲገፉት የነበረው ህግ በድርድር ተቃና። ሰኔ 30 ቀን፣ የሕዝበ ውሳኔው ሐሳብ ሊነሳ በሚችልበት የመጨረሻ ቀን፣ አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም ፈረሙ። አዘጋጆቹም ሐሳባቸውን አነሱ። በር ላይ የቆመ የከፋ አማራጭ ሲኖር ሰው ለመደራደር ይቀመጣል።

ግን ፊርማው መጨረሻ አይደለም። መጋቢት 2025 ላይ ማስፈጸሚያ ደንቡ ሊጸድቅ ሲል እኚሁ አገረ ገዥ ወጪው በዝቷል ብለው እንደ አዲስ እንዲጻፍ መለሱት። ይህ ያሳዝናል። ጠንካራ ግብ የጻፈ ህግ ደንብ ሲወጣለት ሁለተኛ ጦርነት ይገጥመዋል።

ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን፦ ደረጃ በደረጃ

ሦስቱ ይቀራረባሉ። የአምራቾቹ ድርሻ በአንዴ አይጫንም። ሚኒሶታ በ2029 ግማሹን፣ በ2030 75 በመቶውን፣ በ2031 90 በመቶውን ይክፈሉ ትላለች። ሜሪላንድና ዋሽንግተንም በየራሳቸው የጊዜ ሰሌዳ ወደ 90 በመቶ ይወጣሉ። ቀሪዋ 10 በመቶ ከተማው ወጪውን እንዲጠብቅ ታደርጋለች። ለኩባንያዎችም ማሸጊያቸውን ለመቀየር ጊዜ ይሰጣል። ለነዋሪው ግን መጠበቅ ነው፤ በ2024 የተፈረመ ህግ ኪሱን የሚያቀልለት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

እንዴት ይጸድቃል?

የህጉ ይዘት ጥሩ ሆኖ መንገዱ ከተሳሳተ ረቂቁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሜሪላንድ ጥናቱን አስቀደመች። በ2023 ምን ጎደለን፣ ስንት ያስፈልጋል የሚል ጥናት እንዲካሄድ የሚያዝ ህግ ወጣ። ሙሉው ህግ በ2025 መጣ፤ አገረ ገዥ ዌስ ሙር ፈረሙት። ጥናት ሲኖር "ስንት እንደሚያስወጣ እንኳ አናውቅም" የሚለው ተቃውሞ ይከስማል። ምክር ቤቱ የተከፋፈለበት ግዛት ይህን መንገድ ቢከተል ይበጀዋል፤ ሆኖም ጥናቱ ራሱ ማዘግያ እንዳይሆን ቀን ይቆረጥለት።

ዋሽንግተን ለዓመታት ሞክራ ወድቃለች። ከረቂቆቹ አንዳንዶቹ የጠርሙስ መያዣን አብረው ይዘው ነበር። መያዣው የራሱ ተቃዋሚዎች አሉት፤ ሁለቱ ሲታሰሩ ተቃዋሚው ይደመራል። በ2025 የማሸጊያው ብቻውን ሄደና አለፈ። መያዣ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ድምፁ ካልሞላ ለየብቻ ማስኬድ ይሻላል። ሚኒሶታ ደግሞ በጉባኤው ማብቂያ ላይ በትልቅ የአካባቢ ጥበቃ ጥቅል ህግ ውስጥ አስገብታ አሳለፈችው።

ኒውዮርክ ሌላው ገጽ ናት። ረቂቋ በ2024ም በ2025ም በሴኔቱ አልፎ በሌላኛው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ረቂቁ ጠንካራ ነው፤ ማሸጊያን በ12 ዓመት 30 በመቶ ይቀንስ ይላል፣ መርዛማ ኬሚካሎችን ይከለክላል። ከካሊፎርኒያ የሚለየው ኢንዱስትሪውን ወደ ጠረጴዛ የሚገፋ የሕዝበ ውሳኔ ስጋት ከጀርባው አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ከተሞቻችሁ ቀድሞውኑ የሚሰበስቡ ከሆነና ገንዘብ ብቻ ካጠራቸው፣ የሜይንን ስሌት ከሚኒሶታ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ያዳቀለ ረቂቅ ደግፉ። አገልግሎቱ ሰፊው ገጠር ውስጥ ከሌለ ኮሎራዶን ተከተሉ፤ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው። አገልግሎቱ ኖሮ የተዘበራረቀ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ከተማ የሚቀበለውን ሌላው የሚጥል ከሆነ፣ ኦሪገን ትሻላለች። የካሊፎርኒያን ግቦች ሁሉም ግዛት ቢወስዳቸው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደንብ የሚጽፍ፣ መረጃ የሚመረምር፣ ክስ የሚመክት የሰው ኃይል ያለው መሥሪያ ቤት ይጠይቃሉ። እሱ ከሌለ ግቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። ቢያንስ የቅነሳው ግብ ቁጥሩ በህጉ ውስጥ ይጻፍ። "ቁጥሩን ዕቅዱ ይወስናል" ከተባለ፣ ዕቅዱን የሚጽፉት አምራቾቹ መሆናቸውን አትርሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሪሳይክል የሚለው ቃል በህጉ ውስጥ እንዴት እንደተፈታ ተመልከቱ። ፕላስቲክ አቅልጦ ነዳጅ ማድረግ ከተቆጠረ 65 በመቶ የሚለው ግብ በእሳት ይሟላል። ከፍ ዝቅ የሚለው ክፍያም ግዴታ መሆኑን እዩ፤ "ሊደረግ ይችላል" የሚል አንቀጽ አይደረግም። "ሁሉ ነገር ይወደዳል" የሚለውን ክርክር በየምክር ቤቱ ስብሰባ ትሰሙታላችሁ። ነዋሪው ዛሬም እየከፈለ ነው፤ በቆሻሻ ሂሳቡና በግብሩ። ልዩነቱ ዛሬ የሚከፍለው ገንዘብ የማንንም ማሸጊያ የማያሻሽል መሆኑ ነው።

የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ረቂቁ እስኪጸድቅ አትጠብቁ። ስንት ቶን እንደምትሰበስቡ፣ ለመኪናው፣ ለነዳጁና ለሠራተኛው ምን ያህል እንደምታወጡ ከዛሬ ጀምሮ ለይታችሁ መዝግቡ። ወጪ በሚመልሰው ስሌት ሁሉ የሚጠየቀው ይህ ነው። ሪሳይክሉንና ተራውን ቆሻሻ በአንድ የሂሳብ መስመር የመዘገበ ከተማ የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ የሚያሳየው ቁጥር አይኖረውም።